ቀፎው ሽማግሌ የላከ ጊዜ

ይህን የማወራው በእኛ አገር ስለሆነ ነገር ነው። የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራው «እኛን ነው የነካው» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ ካልጠራሁት ግን ሁሉም ሰው ጎረቤቱ የታማ እየመሰለው ደስ ብሎት ያነባል።

በእኛ አገር ኮምፒውተር ላይ ሲስተም አይጫንም። ኮምፒውተር ሲስተም ያገባል። ሳጥኑ ሙሽራው ነው፣ ሲስተሟ ሙሽሪት ናት፣ ደንቡም ከሰው ጋብቻ ደንብ እንዳለ የተገለበጠ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፣ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ሳጥንና ሲስተም ተጋብተው ያደሩትን ከሱቅ ስለሚገዛ ደንቡን አንብቦት አያውቅም። ማንም ያላነበበው ደንብ ስለሆነም በጣም ይከበራል።

ሲስተሞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ «እሺ ባይ» ትባላለች፤ ማንኛውም ሳጥን ቢጠይቃት እሺ ትላለች፤ ግን ሕመምተኛ ናት፣ ሥራ መሀል ትተኛለች። ሁለተኛዋ ወይዘሪት ትባላለች። ወይዘሪት የነጩ ሳጥን ቤት ልጅ ናት። ቁንጅናዋ ተወርቶ አያልቅም፣ ጨዋታዋ ለስላሳ ነው፣ ስትነሳ አታንኮራፋም። የምትዳረው ግን ለነጭ ሳጥን ብቻ ነው፤ ነጭ ሳጥን የሚሠራውም ያው የነጩ ሳጥን ቤት ነው።

ባለቤቴ ትደነቅያለሽ ሥዕል ትሠራለች። ለብዙ ዓመታት ለሳሙና ፋብሪካ ስትሥል ኖራለች፤ ሥዕሉ አረፋ በእጇ ይዛ ፈገግ ያለች ሴት ነው። ፋብሪካው በየዓመቱ «ፈገግታዋን ትንሽ ጨምሪላት» ይላል፣ ትደነቅ ትጨምራለች። አሁን ያቺ ሴት ከጆሮ እስከ ጆሮ ስለምትስቅ ልጆች ሳሙናውን ይፈሩታል። ትደነቅ ከሳሙናው ሥራ በተረፋት ጊዜ ደግሞ ማንም ሳያዛት የራሷን የካርቱን ፊልም ትሠራ ነበር፤ ስለ አንድ አውራ ዶሮ። አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎት ሳይጮህ ይነጋበታል፤ «ማን አነጋው?» እያለ ቤት ለቤት ሲጠይቅ ይውላል። በሕይወቷ የራሷ የሆነ ሥራ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። የምትሥልበት ፕሮግራም ከወይዘሪት ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አይሠራም።

ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነጩ ሳጥናችን ጠዋት ሲቀሰቀስ አልነሳም አለ። ተሸክመን ወደ ነጩ ሳጥን ቤት ሄድን። የተቀበለን ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ አቶ ተካልኝ የሚባል የሐዘን ክፍል ሠራተኛ ነው። ሳጥኑን ዳሰሰው፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ የትደነቅን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዜር ያጥናዎት» አላት።

«አይጠገንም?»

«እኛ ቤት አይጠገንም፣ እመቤቴ። እኛ ቤት ይታዘናል።»

«ፊልሜስ?»

«ፊልምዎ ዲስኩ ላይ በሰላም አለ። ልታሳይዎት የምትችለው ግን ወይዘሪት ናት፤ እሷ ደግሞ ያለ ነጭ ሳጥን አትኖርም። አዲስ መግዛት ነው።» ዋጋውን ነገረን። ስንሰማው ወንበር ላይ መቀመጣችን ደግ ሆነ። ከዚያም ሟቹን ለቀብር አስቀረ፣ ዲስኩን ነቅሎ ሰጠን፣ የሟቹን ስም ከሟቾች ጋር አስመዘገበና እስከ በር ሸኘን።

ትደነቅ በመንገድ ላይ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ችግሩ ፊልሙ ቀጠሮ ነበረው። ከተማችን በክረምት መውጫ በዓል በአዳራሹ ውስጥ ትልቅ ሸራ ይዘረጋል፤ ዘንድሮ ሸራው ለትደነቅ ተፈቅዶ ነበር። ካልደረሰች እንደ ወትሮው የከንቲባው ንግግር ይታያል፤ ንግግሩ ደግሞ የአምናው ነው፣ የአምናውም የካቻምናው ነው። ቤት ስንደርስ ትደነቅ የታጠበ ሰሃን እያወጣች እንደገና ታጥብ ጀመር። ሲከፋት እንዲህ ናት።

«ሳጥኑን እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት።

«አንተ?»

መጠየቋ አይፈረድባትም። እኔ የከተማው የጥላ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ የመንግሥት ዛፍ ጥላ በግለሰብ ግቢ ውስጥ እንዳይወድቅ መጠበቅ ነው፤ ከወደቀ ባለቤቱን አስጠንቅቄ ጥላው እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው፤ ማጥፋቱንም አንዳንዴ እስታለሁ። የትደነቅ ወንድም ደጀኔ ግን ሁሉንም ነገር ያውቃል። ከሚያውቀው ውስጥ አንዱንም ሠርቶት አያውቅም እንጂ ዕውቀቱስ ሞልቷል።

«ወንድምዓለም፣ ቀላል ነው እኮ!» አለኝ። «ወላልቄ ተራ እንሂድና እንልቀም።»

ወላልቄ ተራ የሞቱ ዕቃዎች ተፈታትተው የሚሸጡበት ገበያ ነው። ነጋዴዎቹ ሐቀኞች ናቸው፤ ዕቃው ከየት እንደመጣና ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ሳይነግሩህ አይሸጡልህም። ማዘርቦርዱን የገዛነው ከአየር ትንበያ ቢሮ ከተጣለ ማሽን ላይ የተነቀለ ነው። ለዓመታት «ነገ ፀሐይ ነው» ሲል የኖረ ነው፣ ሻጩም «ውሸታም ነው፣ ግን አይግልም» አለን። ፕሮሰሰሩ የሎተሪ አዳራሽ ውስጥ ዕጣ ሲያወጣ ኖሯል፤ ለራሱ አንድ ቀን እንኳን አልደረሰውም። ራሙ የትራፊክ ቢሮ ልጅ ስለሆነ የማንንም ጥፋት አይረሳም። ፓወር ሰፕላዩን ከወፍጮ ቤት ነው ያገኘነው፤ ስንከፍተው ዱቄት ፈሰሰና ደጀኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስነጥስ ሰነበተ። ግራፊክስ ካርዱ ከጌም ቤት ነው የመጣው፤ ቁጡ ነው። ፋኑን ከጸጉር ቤት አገኘነው።

ሁሉም ርካሽ ነበር። መጨረሻ ላይ የሚያድሩበት ሳጥን ስናጣ ግን ጨነቀን፣ ምክንያቱም ወላልቄ ተራ ውስጥ ሰው ውስጡን እንጂ ላዩን አይጥልም። በኋላ አጎቴ ንብ ማነብ ሲተው ጓሮው ውስጥ የጣለው ባዶ የእንጨት ቀፎ ትዝ አለኝ። ክዳን አለው፣ አየር ያስገባል፣ በነፃ ነው። ጠርገን፣ በሳስተን፣ ሁሉንም በብሎን አሰርንበት። ፊልሙ ያለበትን ዲስክ፣ የሙሽሪት ጓዝ እንጂ የሙሽራው ዘር አይደለም ብለን፣ ከጎን ሰካንበት። የማር ሽታው ስላልለቀቀ ሳምንት ሙሉ ጉንዳን ሲጎበኘን ከረመ።

ደጀኔ እጁን እየጠረገ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ።

«አንበሳው ይምጣና እናያለን» አለች ትደነቅ።

አሁን ሙሽሪትን ማስገባት ቀረ። ወይዘሪት ሳጥን ውስጥ እግሯን ከማስገባቷ በፊት ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ትጽፋለች፦ «የማን ልጅ ነህ?» ነጭ ሳጥን ሲወለድ መልሱን ይዞ ስለሚወለድ ጥያቄውን ሰው አይቶት አያውቅም። እኛ ፊት ሲወጣ ግን ሦስታችንም ተያየን።

«የሟቹን ስም ስጣት» አለ ደጀኔ። «ምን ታውቃለች? ነጭ ሳጥን ነኝ በላት።»

«መዋሸት አይሆንም?»

«ይሄ ውሸት አይባልም። ስም መዋስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይዋዋሳል!»

የሟቹን ስም ጻፍኩ። ወይዘሪት ወዲያው «እንኳን ደህና መጣህ» አለችና ፈካች። ደጀኔ ጨፈረ። እሷ ግን እንደማንኛዋም ጨዋ ልጅ ገና ከመግባቷ ወላጆቿ ዘንድ ደወለች። ቤቶቿ ምን እንዳሏት መገመት አያስቸግርም፤ አቶ ተካልኝ መዝገቡ ላይ አስፍሮታላ! ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁሩ መሀል ላይ በትንንሽ ነጭ ፊደል «ሐዘን ላይ ነኝ» የሚል ወጣ። ከዚያ በኋላ ብንነካካት፣ ብናጠፋት፣ ብናበራት፣ ብንለምናት ዝም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ትደነቅ ወደ ወንድሟ ዞራ። «አንተ ደጀኔ፣ በሠርጓ ቀን ባሏን ገደልክባት እኮ!»

ሐዘኗ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ወሬ ግድግዳ አያግደውምና እኛ ቤት ሐዘን መኖሩ በሰፈር ተሰማ። በማግስቱ ጎረቤታችን ጋሽ ጥላዬ ጋቢያቸውን ደርበው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ጋሽ ጥላዬ በከተማው ውስጥ የታወቁ የጋብቻ ሽማግሌ ናቸው። ልጅ ሊጠይቁ ሄደው እንቢ ያላቸው አባት የለም። እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም፣ ሽማግሌ ቆሞ ማየት ደግሞ የማያሳፍረው ሰው የለም። ቀፎው ፊት ለፊት ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ሟቹ ማነው፣ ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። በሐዘኑ አላዘኑም፤ ተቆጡ።

«እንዴ! ሽማግሌ ሳትልኩ የሰው ልጅ ልታስገቡ? ያውም በሞተ ሰው ስም? ጠለፋ እኮ ነው ይሄ!»

«ጋሽ ጥላዬ፣ ኮምፒውተር ነው» አልኳቸው።

«ይሁና! ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ጨዋ ባትሆን ኖሮ ለማታውቀው ሰው ጥቁር ትለብሳለች?» አሉ። «ሐዘኗን ትጨርስ። ከዚያ በደንብ እንጠይቃታለን።»

ስክሪኑ የነጣ ዕለት ጋሽ ጥላዬ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ሦስቱም ቀፎው ፊት ቆሙ። ትደነቅ ወንበር አቀረበች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጥላዬ። ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ስክሪኑን እያዩ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። እኔ እንዳሉት ጻፍኩት።

ወይዘሪት እንደ ልማዷ «የማን ልጅ ነህ?» አለች።

ደጀኔ በጆሮዬ ሌላ ስም ሊያቀብለኝ ጠጋ ሲል ጋሽ ጥላዬ በዘንጋቸው ጫፍ መለሱት። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ የምንናገረው ያለውን ነው። ልጄ፣ ጻፍ! እናቱ ከአየር ትንበያ ቢሮ ናት በል። ትዋሻለች ይባላል፣ እሱንም ጻፈው።»

ጻፍኩት። ሎተሪውን፣ ትራፊኩን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የጌም ቤቱን ቁጡ፣ ጸጉር ቤቱን፣ በመጨረሻም ቀፎውን አስቆጠሩኝ። እያንዳንዱ ዕቃ በእውነተኛ ስሙ፣ በእውነተኛ ጠባዩ፣ ነውሩም ሳይደበቅ ገባ። ሲያልቅ ሰባት ቤት ሆነ፤ እንዲሆን ብለን አልነበረም፣ እንዲያው ደሃ ስለሆንን ከየቤቱ ለቃቅመን ነው።

ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ወጣችና እየሞላች ሄደች። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ታስባለች፣ ትሄዳለች። ልትሞላ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። ሽማግሌዎቹም ቆመዋል። ትደነቅ ሻይ አመጣች፣ ቆመው ጠጡ። የአንደኛው ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ትንሽ እንኳን አረፍ ይበሉ» አልናቸው፤ ጋሽ ጥላዬ «ተዉ፣ እያየችን ነው» አሉ። እውነትም ታይ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። መስመሯ ሞላች። ወይዘሪት መልኳ ወጣ፤ ሜዳው፣ ሰማዩ፣ ፊደሏ ሁሉ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ትደነቅ የሦስቱንም ጉልበት ሳመች።

ደጀኔ ግን ሙዚቃ ሊከፍት ሞክሮ ጮኸ። «ድምፅ የላትም! ተበላሽታለች!»

«አንተ ልጅ፣ ሙሽራ በገባችበት ቀን ትለፈልፋለች እንዴ?» አሉት ጋሽ ጥላዬ። እንዳሉትም በሦስተኛው ቀን በራሷ ጊዜ ተናገረች፤ የመጀመሪያ ድምጿ የትደነቅ አውራ ዶሮ ክንፉን ሲያራግፍ ነበር።

ያ ሰሞን ቤታችን ደስ ይል ነበር። ፋኑ ጸጉር የሚላጭ ይመስል ይነዝራል፣ ቁጡው ካርድ ይሞቃል፣ ትደነቅ በእርሳሷ ጀርባዋን እያከከች ትሥላለች። የዶሮው ጉዞ መጨረሻው ምን እንደሆነ ብጠይቃት «አርፈህ ጥላህን ተቆጣጠር» ትለኛለች። ሰሃን ማጠቡም ወደ እኔ ዞረ፤ አልከፋኝም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኛም ደጀኔን መጠርጠር ነበረብን። ጸጉሩን ሊስተካከል ሄዶ «ወይዘሪት እኮ እህቴ ቤት ቀፎ አግብታ ትኖራለች» ብሎ አወራ። ወሬው ከጸጉር ቤቱ ተነስቶ የሳጥኖች ዘር አጣሪው ቢሮ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ የአንድ ሰው ጸጉር ተቆርጦ እስኪያልቅ ነው።

የሳጥኖች ዘር አጣሪው አቶ ልሳነወርቅ ይባላል። ጠራራ ፀሐይ ላይ መጣ፤ መዶሻ የያዘ ሠራተኛ አስከትሏል፣ በብብቱ ደግሞ የራሱን ታጣፊ ነጭ ሳጥን ይዟል። የሰፈሩ ሰው ግቢያችንን ሞላው። አቶ ልሳነወርቅ ቀፎውን ሦስት ጊዜ ዞረና አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሙሽራው ነው» አልኩ።

«ደንቡ ግልጽ ነው። ወይዘሪት ለነጭ ሳጥን እንጂ ለሌላ አትዳርም። ጋብቻው ፈርሷል፣ ሙሽራው ይሰበራል» አለና ለሠራተኛው ምልክት ሰጠው።

ትደነቅ እርሳሷን እንደያዘች ቀፎው ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ የቀረኝ መጨረሻው ነው። ዶሮው አፉን ከፍቶ ነው ያለው። ይህን ብትሰብሩብኝ... ስንት ዓመት የሠራሁት ነው፤ ሌላ የለኝም።»

«ዶሮው አፉን ይዝጋ» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መዶሻው ተነሳ። እኔም ሳላስበው ከትደነቅ ጎን ቆሜ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼም ተናድጄም አላውቅም። በዚህ መሀል ጋሽ ጥላዬ ሰዉን በዘንጋቸው እየከፈሉ መጡ።

«ቆይ አንተ ባለመዶሻ! ጌታው፣ ደንብ ይከበር ብለው ነው የመጡት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ደግ አደረጉ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል፤ እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ደንቡ ሽማግሌ ይላክ ይላል?»

«ይላል።»

«እኔ ራሴ ቆሜ ጠይቄአለሁ። ጉልበቴ ይመስክር። ዘር ይቆጠር ይላል?»

«እስከ ሰባት ቤት።»

ጋሽ ጥላዬ ቆጠሩለት። ሰዉም አብሮ ቆጠረ። ባለመዶሻው ሳይቀር መዶሻውን በብብቱ አድርጎ በጣቶቹ ይቆጥር ነበር፤ ወፍጮ ቤት ላይ ሲደርሱ «የእኛ ሰፈር ነው» አለ። ሰባት ቤት ሞላ፣ አንዱም ከሌላው አይዛመድም፣ ከወይዘሪትም ጋር በሩቁ እንኳን የሚገናኝ የለም።

«ይሁን» አለ አቶ ልሳነወርቅ፣ «ነገር ግን ነጭ ሳጥን አይደለም።»

«ወደሱ ልመጣ ነው። ወይዘሪት የማን ልጅ ናት?»

«የነጩ ሳጥን ቤት።»

«የወለዷት እነሱ ናቸው?»

«ከእነሱ በቀር ማን ይወልዳታል! እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች ናት።»

«እሰየው። ነጭ ሳጥንስ የማን ልጅ ነው?»

«የነጩ ሳጥን...» አለና አቶ ልሳነወርቅ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

የቀፎው ፋን ብቻ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ጥላዬ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድሟ ነዋ!»

«ኧረ በስማም!» አለ ሰዉ ባንድ አፍ። አንዲት እናት የልጇን ጆሮ ሸፈነች። ነጭ ሳጥን ያላቸው ጎረቤቶቻችን መሬት መሬት ማየት ጀመሩ፤ አንደኛው «እኛስ መቼ አወቅን፣ ከሱቅ ነው የገዛነው» ብሎ ማንም ሳይጠይቀው መልስ ሰጠ። አቶ ልሳነወርቅ ብብቱ ውስጥ ያለውን ሳጥን ቀስ ብሎ በኮቱ ሸፈነው። ባለመዶሻው ግን ደንብ አክባሪ ሰው ነውና መዶሻውን እንደገና አነሳ።

«ጌታዬ፣ የቱን ልምታ?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ልሳነወርቅ አንድ ጊዜ ቀፎውን፣ አንድ ጊዜ ኮቱን አየ። «ዛሬ መዶሻ የሚነሳበት ቀን አይደለም» አለና ኮቱን እንዳቀፈ ወጣ።

በደንቡ ከሆነ በአገሩ ውስጥ ያለው ነጭ ሳጥን ሁሉ ሊፋታ ነው። የነጩ ሳጥን ቤት አለቆች ተሰበሰቡ፣ ተጨቃጨቁ፣ በመጨረሻም ሳጥኑና ወይዘሪት ድሮውኑ ያልተጋቡ መሆናቸውን፣ እንዲያው በጉርብትና አብረው የሚውሉ መሆናቸውን በድምፅ ማጉያ አስነገሩ። ጋብቻ ከሌለ ደንቡም የሚገዛው ነገር የለውም። አቶ ተካልኝ ጥቁር ሱፉን ለብሶ ቤት ለቤት ሲዞር እኛም ዘንድ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጥናችሁ» አለን።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አልኩት።

«ደንቡ» አለኝ። ከልቡ አዝኗል፤ ሻይ ሰጠነው።

አቶ ልሳነወርቅም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዙሪያውን እያየ ጋሽ ጥላዬ ዘንድ ሄዶ ነበር አሉ። ፋኑን ብቻ ከጸጉር ቤት አምጥቶ ቢቀይር ዝምድናው ስንት ቤት እንደሚርቅ ሊጠይቅ። ጋሽ ጥላዬ ሲነግሩኝ «አሳዘነኝ፣ ራሙንም ጨምር አልኩት» አሉኝ።

ትደነቅ ግን ይህን ሁሉ አልሰማችም፤ ፊልሟን እየጨረሰች ነበር።

የክረምት መውጫ በዓል ደረሰ። ቀፎውን አዳራሹ ውስጥ ካለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሰዉ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ከንቲባው ፊት ወንበር ላይ ነበር፣ በንግግሩ ፋንታ ዶሮ ሲመጣ ከማንም በላይ እፎይ ያለው እሱ ይመስለኛል። እኔም ተዘጋጅቻለሁ። ሰዉ መቼም ይህን ማሽን ማን ሠራው ማለቱ አይቀርም ብዬ፣ ስለ ማዘርቦርዱ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ጉንዳኑ የምናገረውን በልቤ አጥንቻለሁ። የበዓል ሸሚዜንም ለብሻለሁ።

መብራት ጠፋ። ዶሮው ነቃ፤ ነግቷል። ደነገጠ። «ማን አነጋው?» እያለ ከላሟ ወደ ድመቷ፣ ከድመቷ ወደ ጋሪ ነጂው ሄደ። ሁሉም «እንጃ፣ ነግቶ አገኘነው» ይሉታል። ሰዉ ይስቃል፣ ሳቁ አዳራሹን ያናጋዋል። አመሻሹ ላይ ዶሮው እሱ ባይኖርም እንደሚነጋ ገባው፤ አጥር ላይ ብቻውን ተቀመጠ። እኔ መጨረሻውን አላውቀውም። ትደነቅን በጨለማ አየኋት፣ ከንፈሯን ነክሳለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዶሮው ቀድሞ ተነሳ። ብርሃኑ ከተራራው ጀርባ ያለ ማንም እርዳታ ሲመጣ ቁጭ ብሎ አየው። በደንብ ከነጋ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ከተነሳ በኋላ፣ ለማንም የማይጠቅም በሆነበት ሰዓት፣ ደረቱን ነፍቶ ጮኸ። ደስ ስላለው ነው የጮኸው። በዚያው አለቀ፣ ሸራው ላይ «ትደነቅያለሽ» የሚል ወጣ፣ እኔም አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ሰዉ ተነስቶ እሷን ከበባት። ዶሮው ለምን ጮኸ? ድመቷ ታውቅ ነበር? ሁለተኛው መቼ ነው? አንዷ አሮጊት «እኔ እኮ ነኝ ዶሮዋ» ብለው አቀፏት። እኔ ቀፎው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። አንድም ሰው አልመጣም። ምን ዓይነት ሳጥን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንዳገባ የጠየቀ የለም። ከንቲባው እንኳን ሲያልፍ ዱቄቱ ሱሪውን እንዳይነካው ዘወር አለ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ፤ ቆይቶ ግን ለቀቀኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ ትደነቅ በሰው ተከባ ከፊት ትሄዳለች፣ እጇን እያወራጨች ዶሮውን ታስረዳለች። እኔ ቀፎውን በትከሻዬ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ። አንድ ሰውዬ ከመንገዱ ማዶ ጠጋ ብሎ እጄን ያዘኝ።

«ወንድም፣ ማሩ ስንት ነው?»

«አልቋል» አልኩትና ወደ እሷ ፈጠን አልኩ።